የድሮው ሲኒማ በሰሜን ሸዋ ከተሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮው የሰሜን ሸዋ ሲኒማ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በኛው አቆጣጠር ናቸው።

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ መቼ ገባ?

ብዙም አልዘገየም። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ሰው አስከፍለው ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ነው። ዓድዋ ላይ የተዋጋነው ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳይቆይ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደርሷል።

ሕዝብ የሚገባበት ሲኒማ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ሰዉ «ሰይጣን ቤት» አለው። አልፈርድባቸውም። ፈረስ ግድግዳ ላይ ሲጋልብ ያየ፣ ዞር ብሎ ሲፈልገው ደግሞ ፈረሱን ያጣ ሰው ሌላ ምን ይበል? ያ ስም ከከተማው ወጥቶ ለብዙ ዓመት በየገጠሩ ሲያስፈራራ ኖሯል። እኛ ቤትም አያቴ እስክታርፍ ድረስ ሲኒማን በሌላ ስም አልጠራችውም።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሲኒማ ቤት ነበር ወይስ አልነበረም?

በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። አንዱ በልቡ የያዘው ፒያሳ ያሉትን ሲኒማ ኢትዮጵያንና ሲኒማ አምፒርን ነው። ለፊልም ተብሎ የተሠራ፣ ባለ ሰገነት፣ ትኬት መቁረጫ መስኮት ያለው ቤት። ሌላው «ሲኒማ ገባን» ሲል አዳራሽ ማለቱ ነው። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ የጦር ሰፈር ክበብ፣ ኋላ ደግሞ የቀበሌ አዳራሽ። አንዳንዴም አዳራሽ የለም፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ወይም በሁለት እንጨት መሀል የተወጠረ አቡጀዲ ነው።

እኔ ሁሉንም ሲኒማ እላለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ጨርቅ ካፈጠጠ ሲኒማ ነው። የከተሞቻችንን የፊልም ታሪክ በሕንፃ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፊልም በኛ አገር መንገደኛ ነበር። ይመጣል፣ ያድራል፣ ይሄዳል። ታሪኩም ያለው ባለፈበት መንገድና ባደረበት አዳራሽ ውስጥ ነው።

ጣሊያን ነው ሲኒማን ያመጣልን?

አዲስ አበባ ላይ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ሲኒማ ቤቶች መሥራታቸው እውነት ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃም በነሱ ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነው። ተጠናቆ የተመረቀው በ1948 ለንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ነው። ግን ያን ጊዜ ፊልሙ የተዘረጋው ለኛ ብሎ አይደለም። ለወታደራቸውና ለሠራተኛቸው ነው። ነጭና ጥቁር አንድ አዳራሽ ውስጥ አብሮ እንዳይቀመጥ በደንብ የከለከሉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ወቅት የሰሜን ሸዋ ሰው ፊልም የሚያይበት ጊዜም አልነበረውም። ተጉለት፣ ቡልጋና መንዝ አርበኞች የሚዋጉባቸው አገሮች ነበሩ። ራስ አበበ አረጋይና ኃይለማርያም ማሞ የተዋጉት እዚሁ ነው።

ለሲኒማው ሳይታሰብ የጠቀመው ጣሊያኖቹ ጥለውት የሄዱት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ጣርማበር ይወጣል፣ ሰዉ እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» በሚለው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ደብረ ሲና ይወርዳል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ ወደ ደሴ ይዘልቃል። ከነፃነት በኋላ የፊልም ቆርቆሮ የተጫነው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከመንገዱ ርቀው የነበሩት፣ እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ያሉት፣ ፊልምን ዘግይተው ያዩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ፊልሙን መጀመሪያ ወደ ገጠር ከተሞች ያመጣው ማነው?

ብዙ ትልልቅ ሰዎች የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያዩት ሳይከፍሉ ነው። በ1950ዎቹ የመንግሥትና የውጭ ድርጅቶች ማሽንና ጀነሬተር በመኪና ጭነው እየዞሩ ያሳዩ ነበር። የአሜሪካኖቹ የማስታወቂያ አገልግሎት፣ ዩሲስ የሚባለው፣ በዚህ ይታወቃል። ፊልሞቹ ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ እርሻ ናቸው፤ የንጉሡ ጉብኝትም ይታያል።

አጎቴ ያኔ ልጅ ነበር። ከፊልሙ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨርቁን የሞላች የወባ ትንኝ። «በሬ ታህላለች» ይላል እስካሁን እጁን ዘርግቶ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሱ። አንድ ገበሬ ደግሞ «የኛዋ ትንሽ ናት፤ ይቺ የአሜሪካ ነች» አለ፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ተረጋግቶ ተቀመጠ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ትንኝን ማጉላት ምን እንደሚያደርግ አላሰቡትም።

ፊልሙ ከአዲስ አበባ በምን ይመጣ ነበር?

በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በጭነት መኪና። ፊልም አከፋፋዮቹ አዲስ አበባ ነበሩ። የከተማው ሰው ጠግቦ ካየው በኋላ ያው ቅጂ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ስለዚህ እኛ ጋ ሲደርስ ተቧጭሯል፣ ተቆራርጦ ተቀጣጥሏል። ትልልቅ ሰዎች «የድሮ ፊልም ዝናብ ይዘንብበታል» የሚሉት ያንን ጭረት ነው።

ክብደቱን ዛሬ ፍላሽ በኪሱ የሚይዝ ወጣት አይገምተውም። ሲኒማ ቤት የሚጠቀምበት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በደቂቃ 27 ሜትር ግድም ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚፈጅ ፊልም ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ይጠቀለላል። ሦስት ሰዓት የሚሄድ የሕንድ ፊልም 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ በክብ ቆርቆሮ ጣሳ ተከፋፍሎ፣ ቁጥር ተጽፎበት ይላካል። አጠር ያለው ፊልም እንኳን ከነጣሳው ከ20 ኪሎ ያልፋል። አንዱ ጣሳ መንገድ ላይ ከቀረ ታሪኩ መሀሉ ተጎርዶ ይታያል። ቁጥሩ ከተዛባ ደግሞ የሞተው ሰው ተነስቶ ሲያገባ ይታያል።

ለአዳራሽና ለትምህርት ቤት የሚመቸው ግን ባለ 16 ሚሊ ሜትሩ ነው። ጠባብ ነው፣ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ጥቅል 44 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ማሽኑም ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

መብራት በሌለበት እንዴት ያሳዩ ነበር?

በጀነሬተር። መብራት ኃይል የተቋቋመው በ1948 ነው፤ ከዚያም በኋላ መስመሩ ትናንሽ ከተሞች እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። መብራት የገባላቸውም ቢሆኑ ማታ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሞተር ነበራቸው። ጀነሬተሩን ከአዳራሹ ጀርባ አርቀው ያስቀምጡታል፤ ድምፁ ፊልሙን እንዳይውጠው። ሞተሩ ሲደክም ተዋናዩ ድምፁ ይጎተታል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ፉጨት ነው።

ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የደብረ ብርሃን በረዶ ሲወርድ ምንም አይሰማም። ሥዕሉን ብቻ እያዩ መቀመጥ ነው። ብርዱም ቀልድ አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰው ጋቢውን፣ አንዳንዱም የመንዝ ባናውን ተከናንቦ ነው ሲኒማ የሚገባው።

ማሽኑ እንዴት ነበር የሚሠራው?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ማሽን ተፈትቶ አይቻለሁ። ፊልሙ ከላይኛው ጥቅል ይወርዳል። አንዱ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጥርስ ባለው ትንሽ ጎማ ይያዛሉ። ቀጥሎ ሌንሱ ፊት ወዳለው ጠባብ በር ይገባል። እዚያ እያንዳንዱ ሥዕል ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዎ፣ ይቆማል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል የምንለው በሴኮንድ 24 ጊዜ የሚቆም ሥዕል ነው። ሥዕሉ ሲቀየር መጋረጃ መሰል ክዳን ብርሃኑን ይዘጋዋል፤ እኛ ጨለማውን አናየውም።

ከበሩ በላይና በታች ፊልሙ ላላ ብሎ እንደ ቀለበት መታጠፍ አለበት። ያ ልል ቀለበት ከጠፋ ሥዕሉ ይዘላል። አዋቂው ሰው መብራት ሳያበራ፣ በጣቱ ጫን አድርጎ ይመልሰዋል። ድምፁ ደግሞ በሌላኛው የፊልሙ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን ጥልፍ ተስሏል። ትንሽ መብራት በጥልፉ ውስጥ ያልፋል፣ ማሽኑ የብርሃኑን መጥበብና መስፋት ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ድምፁ ከሥዕሉ ጎን አይደለም፤ 26 ሥዕል ቀድሞ ነው የተቀመጠው። ፊልሙን ሲያጠልቅ የተሳሳተ ሰው ከንፈርና ቃል ያለያያል።

መብራቱ 750 ወይም 1,000 ዋት ነው። ያግላል፣ ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብርዱን ይረሳል። በሩ ላይ አንዲት ፀጉር ብትገባ ጨርቁ ላይ ገመድ ሆና ትደንሳለች። ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሲኒማዎች አምፖልም አልነበራቸውም። ሁለት የካርቦን ዘንግ ጫፍ ለጫፍ አቀራርበው በመሀሉ እሳት ያነዱ ነበር። ዘንጉ እያለቀ ሲሄድ ኦፕሬተሩ ማቀራረብ አለበት። ፊልሙን ሙሉ ቆሞ የሚያየው እሱ ነው።

ፊልሙ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ነበር?

ሁለት ማሽን ያለው ሲኒማ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያስነሳል። ሥዕሉ ቀኝ ጥግ ላይ ብልጭ የምትል ክብ ነጥብ አይታችሁ ካወቃችሁ የኦፕሬተሩ ምልክት ናት። የኛ አዳራሾች ግን አንድ ማሽን ነው ያላቸው። ጥቅል ባለቀ ቁጥር መብራት ይበራል። ቆሎና ኦቾሎኒ የሚሸጡ ልጆች ገበያቸው ያኔ ነው። ብዙ የተቧጨረ ፊልም ደግሞ ራሱ ይበጠሳል። በምላጭ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ በማጣበቂያ ይያያዛል። በያንዳንዱ ቅጥያ ጥቂት ሥዕል ይጠፋል። አንድ ፊልም በአሥር ከተማ ዞሮ ሲመለስ ያጠረው በዚህ ነው። የተሳሳሙበት ቦታ ሁልጊዜ ተቆርጦ የሚገኘው ግን ተበጥሶ አይመስለኝም።

ቋንቋው ሳይገባቸው እንዴት ያዩ ነበር?

ፊልሙ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ ወይም ሂንዲ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር የለውም። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እንኳን የታየው በ1957 ነው። ሰው ግን አልተቸገረም። መጀመሪያ አክተሩ ማነው፣ ሌባው ማነው ተብሎ ይለያል። ከዚያ ወዲያ ያለው በዓይን ይከተላል። «አክተር አይሞትም» የሚለው አባባል ከዚያ የመጣ እውቀት ነው። አንድ እንግሊዝኛ የቀመሰ ተማሪ ካለ ደግሞ መሀል ይቀመጣል። እሱ የገባውን ይናገራል፣ ያልገባውን ይፈጥራል። የሱ ፈጠራ ከፊልሙ የተሻለበት ጊዜ እንደነበር የሚምሉ አሉ።

የሕንድ ፊልም ለምን እንደዚያ ተወደደ ለሚሉኝ የኔ መልስ ይኼ ነው። ውስጡ ያለው ቤት የኛን ቤት ይመስላል። እናት አለች፣ እናት ትከበራለች። ወንድም ለወንድም ደም ይመልሳል። አራጣ አበዳሪ አለ፣ ድህነት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዘፈን አለ። የካውቦይ ፊልም የወጣት ወንዶች ነበር። የሕንድ ፊልም ግን እናቶችን ጭምር አስለቅሷል።

ሴቶች ይገቡ ነበር? ቤተ ክህነትስ ምን ትል ነበር?

በመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ የወንድና የተማሪ ቦታ ነበር። ማታ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ስሙም ሰይጣን ቤት ነው። አክስቴ መጀመሪያ የገባችው ከወንድሟ ጋር፣ የቀን ፊልም ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ጎረቤት እንዳያያት በኋላ በር። ውስጥ ስትገባ ሦስት ጎረቤቶቿን እንደሷው ተከናንበው አገኘቻቸው። ከዚያ በኋላ አራቱም አብረው ነው የሚሄዱት።

ካህናቱን በተመለከተ፣ በኛ ሰፈር ማንም በአዋጅ አልከለከለም። የንስሐ አባት ግን ይገሥጻል። የኛ ቤተሰብ በሁዳዴ 55 ቀን ፊልም አይገባም ነበር፤ እንደ ሥጋና ወተት ነው የቆጠሩት። ፋሲካ ማግሥት ግን ለልጆች የፊልም ገንዘብ ይሰጣል።

በደርግ ጊዜ ምን ሆነ?

የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ተወረሱ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። በትናንሽ ከተሞች ትልቁ ለውጥ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ቀን ስብሰባ፣ ማታ ኪነት፣ አልፎ አልፎ ፊልም። ከሶቪየት የመጡ የጦርነት ፊልሞች በዙ። ሰዓት እላፊ በነበረበት ወቅት የማታ ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም።

ያንን ዘመን ሳነሳ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ፊልም ያየንበት አዳራሽና ብዙ ቤተሰብ ልጁን የተቀማበት ስብሰባ አንድ ቤት ነው። አንዳንድ ሰው ስለ ፊልሙ ጠይቄው ዝም ያለኝ ለዚህ ነው። እናንተም ዝም ካሏችሁ አትጎትጉቱ።

ሲኒማውን የገደለው ቪዲዮ ቤት ነው?

ሁሉም ይህን ይላል። እኔ አልስማማም። ከቪዲዮ በፊት ፊልሙ ራሱ መምጣት አቁሞ ነበር። ቅጂዎቹ አርጅተዋል፣ መለዋወጫ የለም፣ ጦርነቱ መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ቪዲዮ ቤት ባዶ ቦታ ነው ያገኘው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ካሴት ይበቃዋል።

እኔ ራሴ የቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ። በ1980ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የምንገባበት ቤት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ የከተማችን ፋብሪካ ያመረተው ግራጫ ብርድ ልብስ። በብል ቀዳዳው የፀሐይ ጨረር ይገባና ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። ከፊት ያለው ልጅ በእጁ ይከልላል፣ ሲደክመው ይተካካል። አግዳሚው ጣውላ ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው ሳቀና «እኛም እንደዚሁ ነበርን» አለኝ። ለዚህ ነው ቪዲዮ ቤትን የሲኒማው ልጅ እንጂ ገዳይ የማልለው።

አንዱ 1957 ሲል ሌላው 1964 ይላል፤ ማንን ልመን?

ሁለቱንም ልታምን ትችላለህ። የኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። አንዱ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልብጦ ሳይቀንስ «ዓ.ም.» ይልበታል፣ ሌላው ደግሞ የተቀነሰውን አይቶ እንደገና ስምንት ይቀንሳል። በዚህ መንገድ አንድ ፊልም ሳይሠራ ቀድሞ የታየበት ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ትልቅ ሰው ስትጠይቅ ዓመት አትጠይቅ። «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?» በል። «ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» በል። ከዚያ ራስህ ትቆጥራለህ።

የከተማዬን ሲኒማ በድሮ ወረቀት ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የት ልፈልግ?

ምናልባት በተሳሳተ ስም እየፈለግህ ይሆናል። በንጉሡ ጊዜ «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ክፍል አልነበረም። ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ነው። ደብረ ብርሃን የምትገኘው በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ሥር ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬን ይፋትና ጥሙጋ በሚለው ፈልግ፤ መሐል ሜዳን መንዝና ግሼ፣ ዓለም ከተማን መርሐ ቤቴ በሚለው። «ሲኒማ» ብቻም አትበል። «አዳራሽ»፣ «ክበብ»፣ «ቴአትር»፣ «የፊልም ትርኢት» ብለህ ሞክር። የማዘጋጃ ቤት የገቢ መዝገብ፣ የትምህርት ቤት የዓመት መጽሔት፣ የቤተሰብ አልበም ከጋዜጣ ይበልጣሉ። ፎቶ ስታገኝ ከኋላ ያለውን ግድግዳ እይ። የፊልም ማስታወቂያ የሚለጠፈው እዚያ ነው።

ቤታችን የድሮ የፊልም ጥቅል አገኘሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ወደ ማሽን አታስገባው። የደረቀ ፊልም በመጀመሪያው ዙር ይሰባበራል። ስፋቱን ለካ። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የእሳት ስጋት የለበትም። 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ፈልግ። እስከ 1943 ገደማ ይሠራ የነበረው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በቀላሉ የሚነድ ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥም መንደዱን አይተውም። ጽሑፉን ካጣህ ከቤት አውጣው። ከምድጃና ከፀሐይ አርቀህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥና አዋቂ ጥራ።

ጣሳውን ስትከፍት አቼቶ አቼቶ ከሸተተህ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል። ከሌሎቹ ለየው፤ ይጋባል። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው። በዚህ ረገድ ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት ትሻላለች፤ ቆላ ያለ ዘመድ ጋ አትላከው። በላስቲክ አትጠቅልለው፣ ይተንፍስ። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የተቀደደ ወረቀትም ቢሆን፣ ፎቶ አንሳው። ከዚያ አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አነጋግር። ከማን እጅ እንደመጣ ቤት ያሉትን ጠይቀህ ጽፈህ አያይዘው። ያንን ወረቀት ጣሳው ውስጥ ሳይሆን ውጩ ላይ እሰረው።